«ደማቅ»፣ «ማዕከላዊ»፣ «አውራ»፦ ስለ ጋላክሲ ዘለላዎች በሚነገሩ ሙያዊ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ሙያዊ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ የሚፈተነው በሁለት ሚዛን ነው። አንደኛው ቃሉ ለጆሮ የሚስማማ፣ ለርባታም የሚመች መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው በግእዝ ወይም በሕያው አማርኛ ውስጥ ሥር ያለው መሆኑ ነው። ሦስተኛው ሚዛን፣ ይኸውም ቃሉ ስለ ነገሩ የሚናገረው እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቃሉን የሚመርጠው የቋንቋ ሰው ነው፣ ነገሩ ግን የሌላ ሙያ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ከሥነ ፈለክ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። በአንድ የጋላክሲዎች ዘለላ ውስጥ ከሁሉ በልጦ የሚያበራው ጋላክሲ በዘመናት ብዛት እንዴት እንደሚለወጥ የሚያጠናው ክፍል ነው። ጠባብነቱ ለሂስ ይመቻል። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ስሕተት ሲገባባቸው የሚያስከትሉት የአነጋገር ጉድለትን ብቻ ሳይሆን የሐሰት ትምህርትን ጭምር ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ስለ «ጋላክሲ» ብዙ መናገር አያሻም። በአንዳንድ የአማርኛ ጽሑፎች ለዚህ ቃል «ረጨት» የሚል አቻ ሲገባ ይታያል፤ «ረጨ» ከሚለው ግስ የወጣ ውብ ቃል ነው፣ በሌሊት ሰማይ ላይ የተረጨ ወተት የሚመስለውን ፍኖተ ሐሊብንም ያስታውሳል። ሆኖም ሥዕሉ የመበተን ሥዕል ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ጋላክሲ ደግሞ ዋና ጠባዩ መሰብሰብ ነው። «ታላቁ ረጨት ታናሹን ረጨት ጠቀለለ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አንባቢውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትተዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ጋላክሲ» የሚለውን እንዳለ እንይዘዋለን፤ ተለምዷል፣ ይረባልም።

«ዘለላ» ግን ሊመሰገን የሚገባው ምርጫ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ጥቂት አይደሉም። «ክምችት» የሚለው የወርቅና የነዳጅ ዘይት ጠረን አለው፤ ተከማችቶ የተቀመጠን፣ የማይንቀሳቀስን ነገር ያስታውሳል። በዘለላ ውስጥ ያሉ ጋላክሲዎች ግን በሰከንድ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከ1,000 በላይ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። «ጉድኝት» በትምህርት አስተዳደር ውስጥ ለትምህርት ቤቶች የተሰጠ ስም ነው፤ ጎረቤታሞችን በስምምነት ማጎዳኘትን ያመለክታል። «ዘለላ» ከእነዚህ የሚሻለው የወይን ፍሬዎች በአንድ ግንጥል ላይ እንደሚያያዙ ሁሉ አባላቱን አንድ ነገር አስሮ እንደያዛቸው ስለሚናገር ነው። ያ ነገር ስበት ነው፤ የስበቱም አብዛኛው ክፍል የሚመጣው ከማይታየው ጥቁር ቁስ ነው። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 በኮማ ዘለላ ላይ ባደረገው ጥናት ይህን የመሰለ ነገር እንዳለ ጠቁሟል። ፍሬዎቹ ይታያሉ፣ ግንጥሉ አይታይም።

እውነተኛው ችግር የሚጀምረው «ከሁሉ የደመቀው» በሚለው ላይ ነው። አማርኛ የማበላለጥን ደረጃ በቅጽል ምዕላድ አያሳይም። «ከሁሉ የበለጠ»፣ «ከሁሉ የሚበልጠው» በሚል ሐረግ ያሳያል፤ ወይም «እጅግ» የሚለውን ያስቀድማል። በትርጉም ሥራ ላይ እጅግ የተለመደው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ «እጅግ ደማቅ ጋላክሲ» ማለት «በጣም የሚያበራ ጋላክሲ» ማለት እንጂ «ከዘለላው አባላት አንደኛ የሆነው» ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጠባይን ይገልጻል፣ ሁለተኛው ደረጃን። በአንድ ዘለላ ውስጥ እጅግ ደማቅ የሆኑ አሥር ጋላክሲዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከሁሉ የደመቀው ግን አንድ ብቻ ነው። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የሚናገሩት ስለ ደረጃ ስለሆነ፣ በአማርኛም ደረጃው በስሙ ውስጥ መግባት አለበት፤ «ቀዳሚ» የሚለው ቃል ለዚህ ይስማማል።

«ደማቅ» የሚለውም ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። በአማርኛ ቀለምም ደማቅ ነው፣ አቀባበልም ደማቅ ነው። ከዚህም በላይ ወደ ዓይናችን የሚደርሰውን ብርሃንና ጋላክሲው በእርግጥ የሚያመነጨውን ብርሃን አይለይም። የመጀመሪያውን «ድምቀት»፣ ሁለተኛውን «አብሪነት» ማለት ይቻላል። በአንድ ዘለላ ውስጥ ያሉ አባላት ከእኛ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ በመሆኑ፣ የድምቀት ቅደም ተከተላቸውና የአብሪነት ቅደም ተከተላቸው ብዙ አይለያይም። የአንዱን ዘለላ ቀዳሚ ከሌላው ዘለላ ቀዳሚ ጋር ስናወዳድር ግን ልዩነቱ ሁሉን ነገር ይወስናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት የባሰ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች፣ የውጭዎቹም ሳይቀሩ፣ «ከሁሉ የደመቀው» እና «ማዕከላዊው» የሚሉትን እንደ ተመሳሳይ ቃላት ይጠቀሙባቸዋል። እጅግ ቅርባችን ያለው ትልቅ ዘለላ፣ በ54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ የሚገኘው የቪርጎ ዘለላ፣ ይህን ያፈርሰዋል። በዚያ ዘለላ ዋና ክፍል እምብርት ላይ የተቀመጠው ኤም 87 ነው፤ በ2019 የጥቁር ጉድጓዱ ምስል ለዓለም የቀረበው ይኸው ጋላክሲ ነው። ከሁሉ የደመቀው ግን ኤም 87 አይደለም፤ ከእምብርቱ ራቅ ብሎ በደቡብ በኩል የሚገኘው ኤም 49 ነው። ሻርል መሲዬ ሁለቱንም መዝግቧቸዋል፤ ኤም 49ን በ1771፣ ኤም 87ን በ1781። በኮማ ዘለላ ደግሞ መካከሉን ሁለት ግዙፋን ይጋሩታል፤ ኤን.ጂ.ሲ. 4889 እና ኤን.ጂ.ሲ. 4874። ከሁለቱ የመጀመሪያው ይደምቃል። እንግዲህ «ማዕከላዊ» የቦታ ቃል ነው፣ «ቀዳሚ» የደረጃ ቃል ነው። መዝገበ ቃላቱ አንዱን ለሌላው አቻ አድርጎ ካስቀመጠ፣ ተማሪው ኤም 49 የሚለውን ስም ሲያገኝ ወይ መጽሐፉን ወይ ሰማዩን መጠራጠሩ አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ አንድ ቃል አለው፤ «አውራ»። አውራ ዶሮ፣ አውራ ጎዳና፣ አውራ ጣት፣ አውራ ንብ እንላለን። የሚገርመው አውራ ንብ ሴት መሆኗ ነው፤ ይህም ቃሉ ከጾታ ይልቅ የበላይነትን የሚያመለክት መሆኑን ያሳያል። መንጋው የሚከተላት፣ መንጋውም የሚሰፍረው በእርሷ ዙሪያ ነው። ስለሆነም «አውራ ጋላክሲ» የሚለውን ለማንኛውም ቀዳሚ ከመስጠት ይልቅ፣ ቀዳሚነትና ማዕከላዊነት በአንድነት ለተገናኙበት ለዚያ ግዙፍ ጋላክሲ ብቻ ብንጠብቀው ይሻላል። የፐርሲየስ ዘለላው ኤን.ጂ.ሲ. 1275 አውራ ነው። ኤም 49 ቀዳሚ እንጂ አውራ አይደለም።

በዚህ ላይ ተርጓሚዎችን የሚያሳስት አንድ የፊደል ወጥመድ አለ። ቶማስ ማቲውስ፣ ዊልያም ሞርጋንና ማርተን ሽሚት በ1964 ባወጡት ጥናት፣ ሰፊና ስስ የብርሃን መጎናጸፊያ ያላቸው ግዙፋን ጋላክሲዎች «ሲ-ዲ» ተብለው ተመደቡ። ዛሬ ብዙዎች ሲ የማዕከላዊነት፣ ዲ የገዥነት ምሕፃር ነው ይላሉ። አይደለም። ትንሿ ሲ የመጣችው ከከዋክብት ምደባ ነው፤ አንቶኒያ ሞሪ በ1897 ባሳተመችው ዝርዝር ቀጫጭን የብርሃን መስመር ላላቸው ከዋክብት ያደረገችው ምልክት ነበረች፣ በኋላም የልዕለ ግዙፋን ምልክት ሆነች። ዲ ደግሞ በሞርጋን ምደባ ውስጥ የአንድ የጋላክሲ ዓይነት ስም ነው። «ማዕከላዊ ገዥ» ብሎ የሚተረጉም ሰው እንግዲህ የሚተረጉመው ሙያዊውን ቃል ሳይሆን ሕዝባዊ ሥርወ ቃሉን ነው። እንደ ደም ዓይነት ፊደሎች ሁሉ «ሲ-ዲ» ሳይተረጎም መቅረት ይገባዋል።

ወደ «ለውጥ» እንለፍ። የተለመደው አቻ «ዝግመተ ለውጥ» ነው። ቃሉ በሥነ ሕይወት ትምህርት ሥር ሰዷል፤ የሚናገረውም ስለ ዝርያዎች እንጂ ስለ አንድ ግለሰብ አይደለም። በተጨማሪም ዝግታን በስሙ ውስጥ አስሮ ይዟል። ሁለት ጋላክሲዎች መቀላቀል በሰው ሚዛን እጅግ ዝግተኛ ነው፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል። በዘለላው ዕድሜ ሚዛን ግን ድንገተኛ አደጋ ነው። «ዘመናዊ ለውጥ» ቢባል «አዲስ» የሚል ትርጉም ይመጣል፤ «የዘመን ለውጥ» ቢባል ደግሞ እንቁጣጣሽ ትዝ ይለናል። ስለዚህ «የለውጥ ሂደት» ወይም «የለውጥ ታሪክ» የሚለው ግልጽ ሐረግ፣ ጌጥ ባይኖረውም፣ አይዋሽም።

ከዚህ የጠለቀው ችግር ግን ከስሙ ይልቅ በግሱ ላይ ነው። «ሊቀ መንበሩ ተለወጠ» የሚለውን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር እንመልከት። ሁለት ፍች አለው። አንደኛው፣ ያው ሰው ጠባዩ ተለወጠ፤ ሁለተኛው፣ ሰውዬው ወርዶ ሌላ ሰው በወንበሩ ተቀመጠ። «ቀዳሚው ጋላክሲ ተለወጠ» የሚለውም በዚሁ መንገድ ሁለት ፍች ይይዛል። ቀዳሚነት ሹመት ነው፤ ሹመቱን የያዘው ጋላክሲ ደግሞ ባለ ሹመት ነው። ባለሙያዎቹ አንድን ጋላክሲ በዕድሜው ሁሉ ተከታትለው አያዩም፤ ማየትም አይችሉም። የሚያደርጉት ሩቅ ያሉትን ዘለላዎች፣ ብርሃናቸው ከቢሊዮን ዓመታት በፊት የተነሣውን፣ ቅርብ ካሉት ጋር ማወዳደር ነው። በየዘመኑ ያገኙት ባለ ሹመቶቹን ነው። ከሰባት ቢሊዮን ዓመት በፊት ቀዳሚ የነበረው ዛሬ በሌላ ጋላክሲ ተበልጦ ወይም ተውጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቀዳሚዎቹ በአማካይ ከፍ እያሉ መጥተዋል» የሚለውና «ይህ ጋላክሲ አደገ» የሚለው የተለያዩ ማረጋገጫዎችን የሚሹ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንግሊዝኛው ይህን አሻሚነት ሳይፈታ ያልፈዋል፤ አማርኛው ሊፈታው ይችላል፤ ተርጓሚው የቱን እንደሚል መጠየቅ ግን ግዴታው ነው።

አሻሚነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የምርምሩ ታሪክ ይመሰክራል። አለን ሳንዴጅ በ1972 ባወጣቸው ጥናቶች ቀዳሚ ጋላክሲዎችን የጽንፈ ዓለም ርቀት መለኪያ ፋኖስ አድርጎ ተጠቀመባቸው፤ ምክንያቱም አብሪነታቸው ከዘለላ ወደ ዘለላ እምብዛም አይለያይም ነበር። ፋኖሱ ግን በዘመን ብዛት ካልተለወጠ ብቻ ነው መለኪያ የሚሆነው። ቢያትሪስ ቲንስሊ ከዋክብቱ እያረጁ ሲሄዱ ጋላክሲው እንደሚደበዝዝ፣ ስለዚህ ጥንት የበለጠ ያበራ እንደነበረ አስላች። ጀረማያ ኦስትራይከርና ስኮት ትሪሜን ደግሞ በ1975 ጋላክሲው ጎረቤቶቹን እየዋጠ ሲሄድ አብሪነቱ እንደሚጨምር አመለከቱ። አንዱ ለውጥ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ይጎትታል። ሁለቱንም «ዕድገት» በሚል አንድ ቃል የሚጠራ የአማርኛ ጽሑፍ ክርክሩን ከሥሩ ያጠፋዋል። የመጀመሪያው «ድብዘዛ» ይባል፤ «ዕድገት» የሚለው ለክብደት መጨመር ብቻ ይቅር።

ስለ ዕድገቱም ቢሆን ባለሙያዎች አልተስማሙም ነበር። በ2009 ክሪስ ኮሊንስና ባልደረቦቹ እጅግ ሩቅ ያሉ ዘለላዎችን መርምረው ቀዳሚዎቹ ያኔም ቢሆን እንደ ዛሬዎቹ ያህል ከባድ እንደነበሩ ገለጹ። በ2012 ክሪስ ሊድማንና ባልደረቦቹ ግን ከሰባት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ ሁለት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ በፊት ባለው ጊዜ የቀዳሚዎቹ የከዋክብት ክብደት ወደ 1.8 እጥፍ እንደጨመረ አሳዩ። ከልዩነቱ ምንጮች አንዱ ከላይ የተነገረው የሹመት ጉዳይ ነው። ዘለላዎቹ ራሳቸው በክብደት ይለያያሉ፤ የትኛው የጥንት ዘለላ ከየትኛው የዛሬ ዘለላ ጋር ይወዳደራል የሚለው ካልተስተካከለ መልሱም አይስተካከልም።

«ዕድሜ» የሚለው ቃልም በዚሁ ምክንያት ጥንቃቄ ይሻል። ገብርኤላ ዴ ሉቺያና ጄረሚ ብሌዞ በ2007 በኮምፒዩተር ሞዴል ባቀረቡት ጥናት መሠረት፣ ዛሬ በቀዳሚ ጋላክሲ ውስጥ ከሚገኙት ከዋክብት ግማሽ ያህሉ የተፈጠሩት ጽንፈ ዓለሙ ገና ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ብዙ ሳያልፍ ነው። ነገር ግን ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው በአንድ ጋላክሲ ውስጥ የተሰበሰበው ባለፉት አምስት ቢሊዮን ዓመታት ገደማ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ጥንት ተጠርቦ በየደጁ ተቀምጦ ነበር፤ ቤቱ የተካበው በኋላ ነው። ታዲያ «የጋላክሲው ዕድሜ» ስንት ነው? «ጋላክሲው ተወለደ» የሚለው አነጋገር ሁለቱን አንድ ያደርጋል። «የከዋክብቱ ዕድሜ» እና «የግንባታው ዕድሜ» ብሎ መለየት ይገባል።

የመዋጡ ነገር ራሱ ምን ይባል? ኦስትራይከርና ማይክል ሃውስማን በ1977 ያወጡት ጥናት በአርእስቱ ላይ የተጠቀመው ሰው የሰውን ሥጋ የመብላት ቃል ነው፤ ቃሉም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። «ሰው በላነት» ብሎ መመለስ አይቻልም፤ አማርኛው ሰውን በግልጽ ይጠራልና ጋላክሲ ሰው ሲበላ ይታያል። «መበላላት» ደግሞ እርስ በርስ የሚደረግ ነው፤ እዚህ ግን የሚበላው አንዱ፣ የሚበላበትም ሌላው ነው። «ስልቀጣ» የሚለው ከሁሉ ይስማማል። ሳይላመጥ መዋጥን ይናገራል፤ «ሰልቃጭ» እና «ተሰልቃጭ» ተብሎም ይረባል። በፖለቲካ አነጋገር የተሸከመው ክስ ይኖራል፤ ሆኖም ጋላክሲዎች በዚህ የሚቀየሙ አይመስልም። መጠናቸው የሚቀራረብ ሁለት ጋላክሲዎች ሲቀላቀሉ ግን «ውሕደት» ማለት ይገባል፤ የባንኮችን መቀላቀል የምንጠራበት ይኸው ቃል ነውና አንባቢ አይቸገርም።

ተሰልቃጩ ወደ ሰልቃጩ የሚወርድበትን መንገድ ሱብራማንያን ቻንድራሴካር በ1943 አስልቶታል። የተሰጠው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ በቀጥታ «ሰበቃ» ይሆናል፤ የፊዚክስ መጻሕፍታችን የሚያውቁት ቃል ነው። ሆኖም ሰበቃ ሁለት አካሎች ተነካክተው ሲፋተጉ ነው። እዚህ ምንም የሚፋተግ የለም። ተጓዡ ጋላክሲ በሚያልፍበት መንገድ ያለውን ቁስ በስበቱ ከኋላው ያሰባስባል፤ ያ የተሰባሰበው ቁስም መልሶ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ፍጥነቱንም ያበርደዋል። «የስበት ጉተታ» ቢባል ነገሩን በትክክል ይገልጻል። ይህም ጉተታ ሁልጊዜ ብርቱ አይደለም። ዴቪድ ሜሪት በ1980ዎቹ እንዳመለከተው፣ በተደላደለ ዘለላ ውስጥ ጋላክሲዎቹ እጅግ ፈጣኖች፣ ዳርቻቸውም የተገፈፈ ስለሆነ ስልቀጣው አዝጋሚ ነው፤ ብዙው ሥራ የሚሠራው ዘለላው ገና በትናንሽ ቡድኖች ሳለ ነው።

አንዳንድ ቃል ደግሞ የወለደውን ሐሳብ ዐልፎት ይኖራል። በ1977 ሌኖክስ ካዊና ጀምስ ቢኒ በአንድ ወገን፣ አንድሩ ፌቢያንና ፖል ነልሰን በሌላ ወገን፣ በዘለላው መካከል ያለው እጅግ ትኩስ ጋዝ ራጅ እያመነጨ ሲቀዘቅዝ ወደ ማዕከላዊው ጋላክሲ መፍሰስ እንዳለበት ጻፉ። ለዚህ «የቅዝቃዜ ፍሰት» የሚል ትርጉም ቢሰጥ የሚፈሰው ቅዝቃዜው ይመስላል፤ የሚፈሰው ግን ጋዙ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ በ1999 የተላከው ኤክስ.ኤም.ኤም.-ኒውተን የተባለው መንኮራኩር በ2001 ባቀረባቸው መረጃዎች፣ ከአካባቢው ሙቀት ከሲሶ ገደማ በታች የወረደ ጋዝ የተጠበቀውን ያህል አለመገኘቱ ነው። ፍሰቱ በአብዛኛው የለም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ስሙን ወደ እምብርቱ አዛወሩት። ይህንንም «ቀዝቃዛ እምብርት» ማለት አያስኬድም፤ ሙቀቱ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዲግሪ የሚለካ ነገር ቀዝቃዛ አይባልም። «በረድ ያለ እምብርት» በቂ ነው።

ጋዙ እንዳይቀዘቅዝ የሚያደርገው በአውራው መካከል ያለው ጥቁር ጉድጓድ ነው። በፐርሲየስ ዘለላ፣ ከኤን.ጂ.ሲ. 1275 የሚወጡት ፍንጣቂዎች በትኩሱ ጋዝ ውስጥ ታላላቅ አረፋዎችን ነፍተዋል። ጋዝ ሲወርድ ጉድጓዱ ይነሣሣል፤ ሲነሣሣ ጋዙን መልሶ ያሞቃል። ለዚህ «ግብረ መልስ» የሚለው ነባር ቃል በሚገባ ያገለግላል። ግብረ መልሱ የሚሸነፍበትም ጊዜ አለ፤ በ2012 የተገለጸው የፊኒክስ ዘለላ አውራ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን የሚያህል አዲስ የከዋክብት ቁስ ይወልዳል።

የመጨረሻው የዳርቻ ጉዳይ ነው። በስልቀጣውና በግፈፋው ጊዜ ከየጋላክሲያቸው የወጡ ከዋክብት ሁሉ በአውራው ሆድ ውስጥ አይገቡም። ብዙዎቹ በጋላክሲዎቹ መካከል ቀርተው ስስ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ዝዊኪ በ1951 በኮማ ያስተዋለው ይህን ነው። መጠኑ ከዘለላ ወደ ዘለላ ቢለያይም፣ ከጠቅላላው ብርሃን አሥር በመቶና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። «የዘለላ ውስጥ ብርሃን» የሚለው ትርጉም የጋላክሲዎቹን የራሳቸውን ብርሃን አይለይም፤ እነርሱም በዘለላው ውስጥ ናቸውና። «የባዘኑ ከዋክብት ብርሃን» ቢባል ይለያል። የአውራው መጎናጸፊያ ወደዚህ ብርሃን ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ በመካከላቸው ወሰን የለም። ስለዚህም የአንድን አውራ ክብደት የሚተረጉም ሰው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን፣ መለኪው ዳርቻውን የት ላይ እንደቆረጠውም አብሮ መተርጎም አለበት፤ ይህም በመዝገበ ቃላቱ ፍች ውስጥ እንደሚከተለው ሊገባ ይችላል፦ «አውራ ጋላክሲ፤ ስም። በጋላክሲዎች ዘለላ እምብርት የሚገኝ፣ በአብሪነትም የዘለላው ቀዳሚ የሆነ ግዙፍ ጋላክሲ፤ ዳርቻው ከባዘኑ ከዋክብት ብርሃን ጋር ስለሚቀላቀል መጠኑ የሚነገረው የተለካበት ወሰን ተጠቅሶ ነው።»